«እኔ ነኝ» ለማለት ጅቡቲ ድረስ

አንድ ዓረፍተ ነገር ለማስተርጎም ሰውን ከአዲስ አበባ ጅቡቲ ድረስ ወጪ ችሎ የሚያስመጣ ድርጅት ጤነኛ ነው ብላችሁ ታምናላችሁ? እኔ አላመንኩም። ኢሜይሉ ሲደርሰኝ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ ለእህቴ ልጅ አስነበብኩት፣ እሷም «አክስቴ፣ ምን አለበት?» ከማለት በቀር አልረዳችኝም። የጻፈው ጅቡቲ ያለ አንድ የዕቃ አስተላላፊ ድርጅት ነው። በአንደኛ መጋዘኑ በር ላይ የሚሰቀል ሰሌዳ ሊያሠራ ነው። ሰሌዳው ላይ አንድ የእንግሊዝኛ አባባል በአምስት ቋንቋ ይጻፋል፤ ከሥሩ የመጋዘኑ ኃላፊ ስሙንና ፊርማውን ያኖራል። አማርኛው የኔ ድርሻ ነው። ባቡር፣ ማረፊያና ምግብ በነሱ። መጨረሻው ላይ «ትርጉሙ እስኪሰቀል ድረስ ለሠራተኞች እንዳይታይ» የሚል መስመር አለ። እሷን መስመር አልወደድኳትም።

አባባሉን ልንገራችሁ። ቃል በቃል «ባኩ እዚህ ይቆማል» ነው የሚለው። ባክ፣ እንደሚባለው፣ ድሮ ካርታ ተጫዋቾች ተራው የማን እንደሆነ እንዲታወቅ ከሰው ወደ ሰው የሚያሳልፉት ዕቃ ነበር። ኋላ «ባኩን ማሳለፍ» ጣጣን ለሌላ ሰው ማሻገር ሆነ። ስለዚህ «እዚህ ይቆማል» ያለ አለቃ፣ ከዚህ ወዲያ የሚሻገር ነገር የለም፣ ወሳኙም ተጠያቂውም እኔው ነኝ ማለቱ ነው። እኔ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የደብዳቤና የትርጉም ክፍል ሃያ ስድስት ዓመት ስሠራ አንድም አለቃ እንዲህ ሲል ሰምቼ አላውቅም። የኛዎቹ የሚሉት «ለበላይ አካል ቀርቧል» ነው። ፊርማ የሚለምን ሰው ምን እንደሚፈልግ ደግሞ አሳምሬ አውቃለሁ፤ አንዲት ባልደረባዬ ሳታነብ በፈረመችው ወረቀት ፍርድ ቤት ስትመላለስ ጸጉሯ ሸብቷል። እናም ገና ሻንጣዬን ሳላወርድ ደመደምኩ። አንድ ምስኪን ሊጠመድ ነው፣ ወጥመዱን በአማርኛ የምሠራው ደግሞ እኔ ነኝ።

ታዲያ ለምን ሄድሽ ትሉኝ ይሆናል። ጡረታ ከወጣሁ ሁለት ዓመቴ ነው፣ ባሕር ደግሞ አይቼ አላውቅም ነበር። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ቅዳሜ ጠዋት ከለቡ ባቡር ጣቢያ ተነሳን። አዲስ አበባ ጉም ስለነበር ሹራብ ላይ ጋቢ ደርቤያለሁ። ከጎኔ የተቀመጠው ሰውዬ አዳማ ሳንደርስ ብርቱካን ልጦ ግማሹን ዘረጋልኝ። «አልበላም» አልኩት። «ጾም ነዎት?» አለኝ። «አይ፣ ጨጓራዬ ነው» አልኩ። የማላውቀው ሰው ያቀረበልኝን ምን ብዬ እበላለሁ! ሰውዬው ቅር ሳይለው ብቻውን በላ፤ ድሬዳዋ ስንደርስም ሻንጣዬን ከላይ አውርዶ እስከ በሩ ያዘልኝ። ማረፊያዬ ገብቼ ከፈትኩና አንድ በአንድ አየሁት። ምንም አልጎደለም።

ድሬዳዋ ያደርኩባት ፔንሲዮን ንጹሕ ናት፤ ነገር ግን እንግዳ ተቀባይዋ፣ ልጄ የምትሆን ልጅ፣ «አንቺ፣ መታወቂያሽን አምጪ» ብላ ተቀበለችኝ። አዲስ አበባ ቢሆን ጉድ ይፈላ ነበር። ለካስ ድሬዎች «እርስዎ» የሚባል ነገር አያውቁም፤ ለቀበሌው ሊቀመንበርም ለሚስቱም «አንተ»፣ «አንቺ» ነው። ንቀት ይሁን ፍቅር ሳልለይ ተኛሁ።

እሁድ ጉዞው ቀጠለ። ከድንበሩ ወዲያ ያለው አገር ድንጋይ ነው፤ ጥቁር ድንጋይ፣ መሐል መሐሉ ላይ ግራር። በመስኮቱ ሦስት ልጆች በመንገዱ ዳር ሲሄዱ አየሁ፣ እያንዳንዳቸው ባዶ ሃይላንድ በገመድ አንጠልጥለዋል። ፊታቸውን ወደ ባሕሩ አዙረዋል። ባሕር ተሻግረው ለስደት እንደሚሄዱ ባቡሩ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ያውቃል። እኔም ጋቢዬን አጥፌ ሻንጣ ውስጥ ከተትኩ፣ ሹራቤንም አወለቅሁ፣ ጅቡቲ፣ ነጋድ ጣቢያ ስንወርድ ግን የሚወልቅ ነገር አልቆ ነበር። ሙቀቱ ፊት ላይ የተከፈተ ምድጃ ነው። እግሬ ከጫማዬ በለጠ፤ በቆዳ ጫማ መሄዴ ራሱ ሞኝነት ነበር።

ስሜን በወረቀት ጽፎ የቆመ ሰው አገኘሁ። ቀጭን፣ አርባዎቹን ያጋመሰ፣ ነጭ ሸሚዝ የለበሰና ሦስት እስክሪብቶ ኪሱ ላይ የደረደረ።

«እትዬ ስንዱ አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ። አንተስ?»

«ከማል እባላለሁ። የአንደኛው መጋዘን ተጠባባቂ ኃላፊ ነኝ። እኔ የምኖርበት እህቴ ቤት ነው የምታርፊው፤ ሆቴሉን እኔ ነኝ ተይው ያልኩት፣ ብቻሽን ምን ትሠሪያለሽ ብዬ።»

ልብ በሉ። ሰሌዳው ላይ የሚፈርመው ሰውዬ ተርጓሚዋን ቤቱ አስገባ! ሆቴል ተይዞልኝ እሱ አስቀረው! «እሺ» አልኩ፣ በሆዴ ግን እንዲህ ያለው መስተንግዶ በነጻ እንደማይሰጥ አወራሁ።

የእህትየዋ ቤት ካርቲየ ሰባት የሚባል ሰፈር ነው፤ ፊት ለፊቱ የጨርቅ ሱቅ፣ ከኋላ ሦስት ክፍል። ሰፈሩ ጥቅጥቅ ያለ፣ መርካቶን በትንሹ የሚመስል፤ ልዩነቱ ሻጩ በአንድ ትንፋሽ ሶማሊኛ፣ አረብኛና ፈረንሳይኛ መቀላቀሉ ነው። ፈትህያ የከማል ታላቅ ናት፣ ባሏ የሞተባት፣ ቤተሰቧ ከሐረር፣ ትውልዷ ድሬዳዋ፣ ትዳሯ ጅቡቲ። ገና ሳልቀመጥ እግሬን አይታ የራሷን ነጠላ ጫማ አወጣችልኝ። ኤሲ ያለውን ብቸኛ ክፍል ለኔ ሰጠች። በሩን ስዘጋ አየሁት፤ ቁልፉ በውጭ በኩል ነው። ነቅዬ ወደ ውስጥ አመጣሁትና ትራሴ ሥር አደረግሁት። እራት የቀረበው ዓሣ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ቁርሱ ረጅም የፈረንሳይ ዳቦና ሻይ በወተት። ከዚያ ወደ ድርጅቱ ቢሮ። ሥራ አስኪያጁ ፈረንጅ ነው፤ እዚያ ሁሉም እንደ ፈረንሳይኛው «ሙሴ»፣ «አቶ» እንደማለት፣ ይለዋል፣ እኔም ስሙን መያዝ አላስፈለገኝም። አራት ተርጓሚዎች ነን። የአፋርኛው ሰውዬ ዝምተኛ ነው፤ አረብኛውንና ፈረንሳይኛውን አንዲት የጅቡቲ መምህርት ይዛለች። የሶማሊኛው ሮብሌ ይባላል፣ ድሬዳዋ ያደገ ጡረተኛ አስተማሪ ነው፣ አማርኛው ከኔ ይፈጥናል። ሙሴ በእንግሊዝኛ «አሳምሩት፣ አጭር ይሁን፣ ማንም አይቶ እንዳይጠራጠር» አለን። እንዳይጠራጠር! እኔ እንግዲህ ምን ላድርግ?

ከቢሮው ስንወጣ ሮብሌን ያዝኩት።

«ይሄ ሰሌዳ ምንድን ነው ነገሩ? እውነቱን ንገረኝ።»

«አቦ፣ እኔ ምን አውቃለሁ! የሰማሁትን ልንገርሽ። ባለፈው ዝናብ ከአንደኛው መጋዘን የወጣ አንድ ተሳቢ ሙሉ ስንዴ መንገድ ላይ በስብሷል። ሸራው የተቀደደ ነበር። ከዚያ ወዲህ ኃላፊው ማነው የሚል ጥያቄ አለ።»

አንደኛው መጋዘን የከማል ነው። ነገሩ ወለል ብሎ ታየኝ። ሰሌዳ ይሰቀላል፣ ከማል «ተጠያቂው እኔ ነኝ» ከሚል ጽሑፍ ሥር ይፈርማል፣ በማግሥቱ የበሰበሰው ስንዴ አናቱ ላይ ይወርዳል። አሥራ አንድ ዓመት የሠራበት ሥራ ይሄዳል። እዚያ አገር መኖሪያ ፈቃዱ በሥራው ላይ ነው፤ ሥራው ሲሄድ እሱም ይሄዳል፣ መበለቷ እህቱም ያለ ወንድም ትቀራለች። ሲያሳዝን! ከማልን መጠየቅ እችል ነበር። በየቀኑ በመኪናው ያመላልሰኝ የለም? ግን ቢጠይቁት ደንግጦ ለሙሴ ቢነግርስ? ወይስ እሱም አባባል አሳምሪልኝ ብሎ ሊደልለኝ እየተዘጋጀ ቢሆንስ? አፌን ዘጋሁ።

በስድስት ሰዓት ከተማው ይዘጋል። አዲስ አበባ በዚያ ሰዓት ለምሳ ይሯሯጣል፤ እዚያ ግን ሱቁ፣ ቢሮው፣ ሰውም ሁሉ ጥላ ይፈልጋል፣ ቁራዎቹ እንኳን አፋቸውን ከፍተው ግድግዳ ይጠጋሉ። ሰባት ሰዓት ገደማ ጫቱ ከኛ አገር ሲገባ ብቻ ሰፈሩ ለትንሽ ጊዜ ነፍስ ይዘራል፤ መኪና ይጮኻል፣ ሴቶቹ እርጥብ ጆንያ እየገለጡ ይሸጣሉ። ከዚያ እንደገና ጸጥ። እስከ አሥር ሰዓት ድረስ ኤሲ ሥር ተቀምጬ ዓረፍተ ነገሬን አገላብጣለሁ። ምሳው ዓሣ ነበር።

ማክሰኞ ረቂቅ የምናወዳድርበት ቀን ነው። መምህርቷ በአረብኛ «የመጨረሻው ቃል የኔ ነው»፣ በፈረንሳይኛ «የምወስነው እኔ ነኝ» የሚል አድርጋዋለች። ሮብሌ የጻፈውን ሲተረጉምልኝ «ነገር እዚህ ያልቃል፣ የሚጨርሰውም እኔ ነኝ» ነው። አፋሩ ሰውዬ ብዙ አሰበና «ፍርዱ ከኔ ነው ይላል» አለ። አራቱም «እኔ»፣ «እኔ» ይላሉ። እነዚህ ሰዎች ክስ የሚባል ነገር አያውቁም እንዴ?

«ያንቺስ?» አለኝ ሮብሌ።

«ገና እያሰብኩበት ነው።»

«አንድ መስመር ለመጻፍ ሁለት ቀን? አንቺ የአዲስ አበባ ሴትዮ፣ ደመወዝሽ በቀን ነው እንዴ?»

«እኛ ጋ ‹እኔ› ብሎ የሚጽፍ የለም።»

«ምን ብላችሁ ነው የምትጽፉት ታዲያ?»

ወረቀቴን ሰብስቤ ተነሳሁ።

ከሰዓት በኋላ ፈትህያ ከተማውን ልታሳየኝ ወሰደችኝ። ባሕሩን አየሁት። እውነቱን ልናገር፣ ብዙ ጠብቄ ነበር፤ ሰፊ ነው፣ ይሸታል፣ ከአጠገቡ ክሬኖች ቆመዋል። ይልቅ ያስደነቀኝ የየመኖች ምግብ ቤት ነው። ዓሣውን ለሁለት ሰንጥቀው በርበሬ ቀብተው እንደ ጉድጓድ ባለ ምድጃ ውስጥ ይጠብሱታል፣ ጋዜጣ ላይ ዘርግተው ከትልቅ ቂጣ ጋር ያቀርቡታል። ጣቶቼን ላስኩ። ቢሆንም አሁንም ዓሣ! ሦስተኛ ቀን መሆኑ ነው። አዲስ አበባ እንግዳ ሲመጣ ሥጋ የማይሸት ቤት ስሙ ይነሳል። እነዚህ ሰዎች በኔ ላይ ከድርጅቱ የተሰጣቸውን ቆጥበው ይሆን ብዬ ጠረጠርኩ።

ስንመለስ ፈትህያ ድንገት ክንዴን ያዘችኝ።

«እትዬ ስንዱ፣ ከማል በዚህ ሰሌዳ ምክንያት እንቅልፍ የለውም። ወላሂ፣ ሌሊት ሲንጎራደድ እሰማዋለሁ። አደራሽን፣ በደንብ አድርገሽ ጻፊለት።»

«አይዞሽ፣ አውቄዋለሁ» አልኳት። እንዳወቅሁባቸው እንድታውቅ ዓይኗን ትኩር ብዬ አየሁት። እሷ ግን ፊቷ በርቶ ግንባሬን ሳመችኝ። ሳታስበው ምሥጢሩን አወጣችልኝ ብዬ በጥበቤ ተደሰትኩ። ምስኪን ወንድሟ ፈርቷል፣ ማምለጫውን ደግሞ እኔ እሠራለሁ።

የዚያን ዕለት ማታ፣ ገና እራት ሳይቀርብ፣ ጻፍኩት። ሃያ ስድስት ዓመት የተማርኩት ሙያ እንዲህ ላለው ቀን ነው። ይኸውላችሁ፦

«በዚህ መጋዘን ለሚነሱ ጉዳዮች ሁሉ የሚመለከተው አካል አስፈላጊውን ውሳኔ ይሰጣል።»

እስቲ አንድ ሰው በዚህ ይከሰስ! የትኛው ዳኛ፣ የትኛው ዓቃቤ ሕግ፣ ከዚህ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሰው ጎትቶ ማውጣት ይችላል? ከሥሩ ከማል ቢፈርም ፊርማው እንደ ጌጥ ነው። ደጋግሜ አነበብኩትና እንደ ጉድ ኮራሁ።

ረቡዕ አስረከብኩ። ሙሴ አማርኛ አያነብም፤ «በእንግሊዝኛ መልሽልኝ» አለኝ። «እዚህ የሚወስነው ሥልጣን ያለው ሰው ነው ይላል» አልኩት። ትንሽ አሰበ። «ረዘመ» አለ። «አማርኛ ረጅም ነው» አልኩ። ሳቀና ሰሌዳውን ወደሚጽፈው ሠዓሊ ላከው። ሮብሌ በትከሻዬ ላይ አሻግሮ አነበበና ቅንድቡን ሰቀለ። እኔም እሱን በክፉ አየሁት።

ቤት ስመለስ የሆነውን አልረሳውም። ጓሮ በኩል ልብስ ላሰጣ ስወጣ አንዲት ጎረቤት በትልቅ ትሪ የፍየል ሥጋና ሩዝ ይዛ መጥታለች፤ ልጅ ተወልዶላቸው አርደው ነው። ፈትህያ ትሪውን አልተቀበለችም። በአማርኛ ነው የሚያወሩት፣ ጎረቤትየዋም የድሬ ሰው ናት።

«መብሩክ፣ አላህ ያሳድገው። ግን እንግዳዬ ክርስቲያን ናት፣ እኛ ያረድነውን አትበላም። እሷ እየሸተታት እኛ ብንበላ ነውር ነው። እስክትሄድ ድረስ ቤቱ ውስጥ ሥጋ አላስገባም።»

«አራት ቀን ሙሉ?»

«ምን አለበት፣ ዓሣ የአላህ ነው።»

ልብሱን እንደያዝኩ ግድግዳው ጋ ቀረሁ። ሰባት ነፍስ የሚበላበት ቤት ነው፣ ሠራተኛና ሱቅ ረዳት ሳይቀር። በኔ ምክንያት ሁሉም ዓሣ! እኔ ደግሞ በቆጣቢነት ከስሻቸዋለሁ። ኤሲ ያለው ክፍልም የፈትህያ ራሷ መሆኑን፣ እሷ በረንዳ ላይ ቬንትሌተር ሥር እንደምትተኛ፣ ያን ቀን ነው ያስተዋልኩት። አፈርኩ። ያን ጊዜ እንኳ ከማልን ጠርቼ «ሰሌዳው ላንተ ምንህ ነው?» ብለው ኖሮ ሠዓሊው ገና መቀባት አልጀመረም ነበር። አልጠየቅሁም። ትርጉሙን እኔው ጨርሼዋለሁ፣ ምን ይጠየቃል ብዬ።

ሐሙስ ጠዋት መጋዘኑ በር ላይ ሰው ተሰበሰበ። ሰሌዳው በአረንጓዴ ጨርቅ ተሸፍኗል። ከማል አዲስ ሸሚዝ ለብሷል። ፈትህያ ሱቋን ዘግታ፣ ሐላዋ በካርቶን ይዛ መጥታለች። ሰው ሊጠመድ ሲል ሐላዋ ይመጣል እንዴ? ሙሴ በፈረንሳይኛ መናገር ጀመረ፣ ሮብሌ አጠገቤ ቆሞ በጆሮዬ ይተረጉምልኛል።

«ባለፈው ዝናብ ስንዴ በስብሶብናል እያለ ነው… ከማል ሸራው የተቀደደ ነው፣ አልጭንም ብሎ ነበር… ሾፌሩ አዲስ አበባ ቅርንጫፋችን ደወለ፣ አዲስ አበባ ለኛ ደወለ፣ እኛም ጫን አልነው። ጥፋቱ የኛ ነው ይላል።»

«ምን?»

«ቆይ፣ አልጨረሰም። ከማል አሥራ አንድ ዓመት ተጠባባቂ ነበር፣ ከዛሬ ጀምሮ ኃላፊ ነው። በቋንቋቸው የሚያነቡት ሰሌዳ ስቀሉልኝ፣ ሾፌሮቹ ከኔ አልፈው መደወል ያቁሙ ብሎ የለመነው ራሱ ከማል ነው። አስቀድሞ አይታይ የተባለውም ዛሬ ደስ እንዲላቸው ነው። አቦ፣ ደስ ይላል! …አንቺ፣ ምን ሆንሽ?»

ክንዱን ያዝኩት። «ጨርቁን እንዳያነሱት» አልኩት። ሙሴ ጨርቁን ሳበው።

ሮብሌ ሶማሊኛውን ጮክ ብሎ አነበበ፣ ሰው አጨበጨበ። አፋሩ አነበበ፣ ተጨበጨበ። መምህርቷ ሁለቱን አነበበች፣ ከማል አንገቱን አቀርቅሮ ፈገግ ይላል፣ ጆሮው ቀልቷል። አማርኛውን እሱ ራሱ እንዲያነብ ገፉት። ጉሮሮውን ጠርጎ በትልቅ ድምፅ ጀመረ፤ «በዚህ መጋዘን ለሚነሱ ጉዳዮች ሁሉ…» አለና «የሚመለከተው አካል» ላይ ሲደርስ ድምፁ ወረደ። እስከ መጨረሻው አነበበው። ሙሴ አጨበጨበ፣ አማርኛ የማያውቀው ሁሉ አጨበጨበ። ከማል ከኪሱ አንዱን እስክሪብቶ አውጥቶ ፈረመ። አላየኝም። ፈትህያ ሐላዋውን አደለች፤ እኔ ጋ ስትደርስ «ብይ እንጂ» አለችኝ፣ በላሁት።

ሰው ከተበተነ ሰዓት አልሞላም፤ ሙሴም ወደ ከተማ ሄዷል። አንድ የኛ አገር ተሳቢ ገባ። ሾፌሩ ጎልማሳ ነው፣ ፎጣ አንገቱ ላይ ጠምጥሟል። ከማል መኪናውን ዞሮ አየና ሸራው ላይ ክንድ የሚያሳልፍ ቀዳዳ አገኘ።

«በዚህ ሸራ ማዳበሪያ አልጭንልህም። አሰፍተህ ና።»

«ጌታዬ፣ ትናንት ነው የደረስኩት፣ ወረፋዬ ያልፋል።»

«ሰሌዳውን አንብብ። እዚህ የምወስነው እኔ ነኝ።»

ሾፌሩ ሰሌዳው ፊት ቆሞ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ አነበበ። ክፋት አልነበረበትም፣ በቅን ነው የጠየቀው።

«የሚመለከተው አካል ነው የሚለው። እሱን የት ነው የማገኘው?»

«እኔ ነኝ» አለ ከማል።

«አንተማ ፈርመሃል። እኔ የምለው የሚወስነውን ነው።» ስልኩን አውጥቶ ሰሌዳውን ፎቶ አነሳና ለባለ መኪናው ላከ።

ሩብ ሰዓት አልፈጀም። የድርጅቱ የአዲስ አበባ ቅርንጫፍ ከማል ስልክ ላይ ደወለ። ድምፁ እስከኔ ይሰማል፣ ትሕትና የተሞላ ድምፅ ነው። «አቶ ከማል፣ እንኳን ደስ ያለህ። ሰሌዳውን አይተነዋል። የሚመለከተው አካል እንግዲህ እኛ ነን። ጫንለት።» ከማል «እሺ» አለ። ሄዶ በሩን ከፈተው። ሮብሌ ባርኔጣውን አወለቀና እኔን አየኝ።

ዓርብ ወደ ነጋድ ያደረሰኝ ከማል ነው። እንዳይመጣ ብለምነው እንኳ እምቢ አለ። ፈትህያ ዳቦ፣ ቴምርና ሁለት ውሃ በፌስታል ቋጥራልኛለች፤ ስሰናበታት ስለ ሰሌዳው አንድም ቃል አልተናገረችም፣ «ለቤተሰብሽ ሰላም በይልኝ» ብቻ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። መኪናው ውስጥ ሁሉንም ነገርኩት። ኢሜይሉን እንዴት እንዳነበብኩት፣ ስንዴውን፣ ፊርማውን፣ እንዴት ላድንህ ብዬ እንደተነሳሁ። ሳልጨርስ እንባዬ መጣ። እሱ መንገዱን እያየ ይነዳል።

«ለምን አልጠየቅሽኝም?» አለኝ መጨረሻ ላይ።

«ጠረጠርኩህ።»

«እኔን?»

«ሁላችሁንም።»

ጣቢያው ጋ ደርሰን ሻንጣዬን አወረደ።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ፣ እንዳይከፋሽ። ሙሴ አማርኛውን ማን ይጻፈው ሲል አምስት ስም ሰጥቶ አንተ ምረጥ አለኝ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እዚያ ቤት ውስጥ እንድመርጥ የተጠየቅሁት ያን አንድ ነገር ነው። ያንቺን ወረቀት ሳይ፣ ሃያ ስድስት ዓመት በመንግሥት ቤት ደብዳቤ የጻፈች ይላል። ሾፌሮቹ የሷን አማርኛ ያከብራሉ አልኩ። እኔ ነኝ የመረጥኩሽ።»

ባቡሩ ውስጥ ለሙሴ ለመጻፍ ስልኬን አወጣሁ። መጀመሪያ «በአማርኛው ጽሑፍ ላይ ስህተት ተፈጥሯል» ብዬ ጻፍኩ። አጠፋሁት። «ከነበረው የመረጃ ክፍተት የተነሳ» ብዬ ጀመርኩ፣ እሱንም አጠፋሁት። ድሬዳዋ ልንደርስ ስንል «አማርኛው ስህተት ነው። ያበላሸሁት እኔ ነኝ፣ ማንም አላዘዘኝም፣ ማንንም አልጠየቅሁም» ብዬ ጻፍኩ። ከሥሩ መሰቀል የነበረበትን አስቀመጥኩ፦ «ከኔ አልፋችሁ የምትደውሉለት ሰው የለም። የምወስነው እኔ፣ የምጠየቀውም እኔ ነኝ።» ስሜን ሙሉውን ጻፍኩና ላክሁት። በሥራ ዘመኔ ሁሉ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ጽፌ አላውቅም።

ሙሴ በማግሥቱ መለሰ። አመስግኖኛል፣ አዲስ ሰሌዳ እንዲሠራ ለዋናው ቢሮ ማቅረቡንም ገልጿል። ይኸው ሦስት ወር ሆነ። ባለፈው ሳምንት በእረፍት ሰዓታቸው ፈትህያ ጋ ደወልኩ። ሰሌዳው እንዳለ ነው አለችኝ። ስለ ልጆቼ ጠየቀች፣ ስለ እግሬ ጠየቀች፣ ዳግም ስመጣ የት እንደማርፍ ነገረችኝ። ከማልን አገናኚኝ አልኳት።

«አሁን አይመችም፣ እትዬ» አለችኝ። «ከአዲስ አበባ ደውለውለት እሺ፣ እሺ እያለ ነው።»